ጋሽ ቀላልና የእማዬ ሞተር

ሰፈር ያለ ውኃ ሊከርም ይችላል፤ ያለ መብራትም ያድራል። «እስቲ እኔ ልየው» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ይህ ሰው ሳይጠሩት ይደርሳል፣ ያልተሰበረውን ይፈታል፣ የፈታውንም ከሞላ ጎደል ይገጥማል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ይህን በምታነቡበት ሰዓት የውኃ ቧንቧችሁን እየነካካ እንደሆነ ብትጠረጥሩ አልፈርድባችሁም።

የእኛው ክቡርነታቸው አጥር ለአጥር ነው የሚጎራበቱን። በሙያቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ በራሳቸው ሹመት ደግሞ የሰፈሩ ዋና መሐንዲስ። ስማቸውን ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። «ጋሽ ቀላል» ነው የምንላቸው። የተቃጠለ ምድጃ ያሳዩአቸው ወይም የዘመመ ግድግዳ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንዴ ያዩና «ቀላል ነው» ይላሉ። ይህች ቃል ከአፋቸው ከወጣች መመለሻ የለም። ካቻቢቴዋ ከኪሳቸው ትመዘዛለች፣ ዕቃው ተበታትኖ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፋል። እነዚህስ ወዴት ይግቡ ብሎ ለጠየቀ መልሱ አንድ ነው፦ «እሱ ፋብሪካው ያበዛው ነው።» ፋብሪካው ያበዛቸው ብሎኖች ዛሬ ቤታቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ጣሳ ሞልተዋል።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን ማታ ማታ በሳጥን ውስጥ ይቆልፉባቸዋል። «በዚህ ቤት ያልፈታው እኔን ብቻ ነው» ይላሉ ሰው በጠየቃቸው ቁጥር።

እኛም ቤት ለጋሽ ቀላል የወጣ ደንብ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ከሁሉ በፊት የታመመ ዕቃ ይደበቃል። የማይሞቀው ካውያ ፎጣ ይጣልበታል፤ የሚንቋቋው ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥበታል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጥርሴን አሞኝ ጉንጬ አብጦ ሳለ ሲመጡ፣ ፈገግ ብዬ ነው የተቀበልኳቸው።

ፎጣ የማይሸፍነው አንድ ነገር ግን ነበረን።

እናቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። በወጣትነቷ ከጤና ጣቢያው እየተነሣች ቤት ለቤት ስታዋልድ፣ በእግር መዞሩ ቢሰለቻት ከደመወዟ አጠራቅማ ቀይ ሞተር ሳይክል ገዛች። በወጉ ሳትጠግበው እኔ ተወለድኩ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ልጁ ቆሞ እስኪሄድ ብቻ» አላት፤ ሞተሩ ዕቃ ቤት ገብቶ ሸራ ለበሰ። እኔ ቆሜ ሄድኩ። ከዚያ እህቴ ተወለደች፣ ከዚያ ቤት ተሠራ፣ ከዚያ አባቴ ታመመ። ሁላችንም ስንሄድ ሞተሩ ብቻ እንደቆመ ቀረ። እማዬ ስለሱ ብዙ አታወራም። መንጃ ፈቃዷን ግን ጊዜው ባለፈ ቁጥር ስታሳድስ ኖራለች። ለምን ሲሏት «ለመታወቂያ ይሆነኛል» ትላለች። መታወቂያ አላት።

በቅርቡ እህቴ አራስ ልጇን ይዛ ከእኛ ጋር ልትኖር ሆነና ዕቃ ቤቱን ባዶ ማድረግ ግድ ሆነ። ቁራሌው ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ብረት የሆነውን ሁሉ እንዲወስድ ተቀጠረ። እኔም ለወጉ ያህል አንድ መካኒክ ጠርቼ ነበር። ሸራውን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ለቀቀው። «ይሄ ሞተር አይደለም፣ ብረት ነው» ብሎን ሄደ።

እማዬ በነጠላዋ ጫፍ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መስተዋት ጠረገችው። ቆጣሪው ላይ ያለው ርቀት አንድ ትጉህ ፖስተኛ በእግሩ የሚጨርሰው ዓይነት ነው።

«አንድ ጊዜ እንኳ እስከ ጤና ጣቢያው ደርሼ ብመለስ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ካልሆነም እንግዲህ ይሂድ።»

ይህ ሲባል ጋሽ ቀላል በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ነበር። መቼስ የማይሉበት ጊዜ የለም።

«ቀላል ነው» አሉ።

የዚያን ሳምንት ግቢያችን የማን እንደሆነ አላውቅም። በመጀመሪያ ከታንከሩ የድሮው ቤንዚን ወጣ፤ ቤንዚን ማለት ከተቻለ፤ ጫማ የሚጣበቅበት ነገር ሆኗል። የታንከሩን የውስጥ ዝገት ለማስለቀቅ ጠጠርና ኮምጣጤ ተጨመረበትና ክቡርነታቸው «አሁን ማናወጥ ነው፤ ቀላል ነው» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ክንዴ ሲዝል ለጎረቤት አቀበልኩ፣ ጎረቤት ለጎረቤት። ስኳር ሊበደር የመጣ ሰው ሁሉ ታንከር አናውጦ ነው የሄደው። ድምፁ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል።

ቤንዚኑን ለሞተሩ የሚያድለው ካርቡራቶር የተጸዳው በባለቤታቸው የስፌት መርፌ ነው፤ ሳያስፈቅዱ። እያንዳንዷን ቀዳዳ በመርፌ እየወጉ ትምህርት ይሰጡናል። «ይኸውላችሁ፣ ወንዝ ከምንጩ ከተደፈነ ከታች ያለው አገር ይደርቃል። ሞተርም እንደዚያው ነው። ምንጊዜም ምንጩን ተመልከቱ።» ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልተበላም፤ ግን ደርቀው ተሰነጣጥቀዋልና ተቀየሩ። ባትሪውም፣ ዘይቱም፣ የፍሬን ገመዱም፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላም ተቀየረ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሞተሩ ውስጡ ተያይዞ አልዞርም ሲል፣ ይህ ሰውዬ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ እያደረጉ፣ የኋላ ጎማውን በእጃቸው ፈቀቅ እያደረጉ፣ በማግሥቱ እየመጡ እንደገና ጠብ እያደረጉ ሲያባብሉት አይቻለሁ። አንዴም በኃይል አልገፉትም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎማው እጃቸው ላይ ሙሉ ዙር ዞረላቸውና ለብቻቸው ሳቁ። እኔ በመስኮት እያየኋቸው ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

እማዬ ግን እንድትጠጋ አልተፈቀደላትም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ከሩቅ ነው የምታየው። አንድ ቀን ተነሥታ ልታናግራቸው ሞከረች።

«ስማ እንጂ መምህር፣ እኔ እኮ ያኔ ሳስቀምጠው—»

«እትዬ፣ እርስዎ አይድከሙ። ቅባት ይነካዎታል። ቀላል ነው።»

ቅባት እንዳይነካት የሚሰጉላት ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ እስከ ክርኗ በደም ተነክራ የኖረች ናት። እሷም «እሺ» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ዓርብ ሁሉም ነገር ተገጠመ። ጋሽ ቀላል እንደ ሚኒስትር ጉሮሯቸውን ጠርገው የማስነሻ ፔዳሉን ረገጡት። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ሞተ። እንደገና ረገጡት፤ ሁለት ጊዜ አሳለና ሞተ። ካንዴላው ነው አሉና ካንዴላው ወጥቶ ገባ። ቤንዚኑ ነው አሉና ቤንዚኑ ተለወጠ። ከዚያ «ምንጩ ላይ ነው ነገሩ» ብለው ካርቡራቶሩን እንደገና ፈቱት፣ መርፌዋም እንደገና መጣች። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ሞተ።

ባለቤታቸው መርፌያቸውን ሊያስመልሱ መጥተው ቆመው አዩ። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» አሉ።

ጋሽ ቀላል የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን በዘይታም ጨርቅ ይወለውላሉ፤ የባሰ እየጨፈገገ ሄደ። ቀላል ነው ይሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም። የሰፈሩ ዋና መሐንዲስ ዝም ሲሉ ሳይ፣ ለሞተሩ ካዘንኩት ይልቅ ለእሳቸው አዘንኩ። ደግሞ እማዬ ደረጃው ላይ የለችም፤ ወደ ቤት ገብታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቁራሌው ጋሪውን እየገፋ መጣ። ጋሽ ቀላል ከእሱ ቀድመው መጥተው መርገጥ ጀምረዋል፤ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል። ቁራሌው ጨዋ ሰው ነውና ሲደክማቸው እስኪያይ በር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በዚህ መሀል እማዬ ወጣች። እጇ ላይ ከየት እንዳመጣቻቸው የማላውቃቸው አሮጌ የቆዳ ጓንቶች አሉ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ርገጠው» አለች።

«እትዬ፣ ቅባት ይነካ—»

«ርገጠው አልኩህ።»

ረገጡት። እማዬ አንዱን ጓንት አውልቃ መዳፏን ከማርሚታው ጫፍ፣ ጭሱ ከሚወጣበት ላይ አስጠጋች። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ሞተ። እጇን ገልብጣ አየችው።

«አይተነፍስም» አለች። ቀጥላም፦ «ጨርቁን አውጥተኸዋል?»

«የምን ጨርቅ?»

«የማርሚታውን ነዋ። አይጥ እንዳይገባበት ብዬ ሳስቀምጠው የጠቀጠቅኩትን። ልነግርህ ስመጣ ቀላል ነው አልከኝ። እኔም መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነውና አውጥቶታል ብዬ ተውኩት።»

ቁራሌው ሳይቀር ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እኔ እኮ... ምንጩን ነበር የማየው» አሉ ጋሽ ቀላል ቀስ ብለው።

«አዎ፣ አንተ ምንጩን አይተሃል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት መውጫው ላይ ነው። በል ሽቦ አምጣ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው እናቴ ጡረታ ወጥታለች ብሎ አያምንም። ጋሽ ቀላል ተንበርክከው የታጠፈውን ሽቦ ይዘዋል፤ እሷ ከላያቸው ቆማለች። «ቀስ። አትጎትት። አዙረው። አሁን ትንሽ ሳብ። ቆይ፣ ትንፋሽህን ሰብስብ። አሁን በርታ።» ጋሽ ቀላል በረቱ። ከማርሚታው ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ አለ፣ ዘገየ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተዘርግፎ ጭናቸው ላይ ወደቀ።

ባለቤታቸው በሁለት ጣት አንሥተው አራገፉት። ጫፉ ላይ ዳክዬ የተጠለፈበት የሕፃን የሽንት ጨርቅ ነው።

«የአንተ ናት» አለችኝ እማዬ። ሁሉም እኔን አዩኝ። «ታጥባ ነው እኮ» ብላ ጨመረችልኝ። በዚህ የጋዜጣ ዓምድ ስንት ጊዜ ለፍቼ የሠራሁት ክብር በዚያች ዳክዬ አለቀ። ከሁሉ አብዝቶ የሳቀው ቁራሌው ነው።

ጋሽ ቀላል ተነሥተው ረገጡ። ሞተሩ አሳለ፣ ግቢውን በጭስ ሞላው፣ ከዚያ ማሳሉን ትቶ ይሮጥ ጀመር። ደንበኛ፣ የጠራ፣ የጤና ድምፅ። «ተገላገለች» አሉ ባለቤታቸው። እማዬ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እኔ አለቀስኩ፤ ጭሱ ነው ብያለሁ።

ማን ይሞክረው ሲባል ሁላችንም ወደ ክቡርነታቸው ዞርን። እሳቸው ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ፍሬኑን እንደገና ማየት ጥሩ ነው፣ ሰማዩም ደመና ይመስላል፣ ሰሞኑን ወገባቸውንም...

«ምን ያስዋሽሃል» አሉ ባለቤታቸው፤ ወደ እኛም ዞረው፦ «እሱ እንኳን ሞተር፣ ብስክሌትም ነድቶ አያውቅም።»

ይህን ያህል ዓመት ስንጎራበት ያልሰማሁት ምስጢር ነው። የሰፈሩን ሁሉ ሞተር የፈቱት ሰው አንዱም ላይ ወጥተው አያውቁም።

እማዬ ሄልሜቷን አጠለቀች። «የተረፈ ብሎን አለ?» ስትል ጠየቀች።

ጋሽ ቀላል ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ሁለት ብቻ ናቸው። ፋብሪካው ያበዛው ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ና ከኋላ ውጣ።»

«እኔ?»

«የፈታኸው አንተ፣ የገጠምከው አንተ። አንተ ካላመንከው እኔ እንዴት ልመነው?»

ጋሽ ቀላል ወጡ። መነጽራቸውን ለባለቤታቸው ሰጡ፤ ማየት አልፈለጉም መሰለኝ። እማዬን በሁለት እጃቸው ወገቧን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ እባክዎ።»

እማዬ ማርሽ አስገባች፣ ቤንዚን ሰጠችው። ከበሩ ሲወጡ ድምፅዋ ወደ ኋላ ተሰማን።

«ቀላል ነው።»

ጤና ጣቢያው ደርሰው ተመለሱ። አንድ ዙር ብቻ አይደለም፤ እኛን አልፈው በሰፈሩ ሌላ ሁለት ዙር ሄዱ። በሁለተኛው ዙር የጋሽ ቀላል ዓይኖች ተከፍተው ነበር፤ በሦስተኛው አንድ እጃቸውን ለቅቀው ሰላምታ ሰጡን። ቁራሌው አሮጌውን ባትሪና የድሮ ጎማዎቹን ጋሪው ላይ ጭኖ፣ «ሌላውስ?» ሳይል ሄደ። ዕቃ ቤቱ ለእህቴ ተጸዳ፤ ሞተሩ በረንዳው ሥር ቆሟል፤ እማዬ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በሱ ትሄዳለች። ዳቦ ቤቱ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ነው።

በዚያን ቀን ጋሽ ቀላል እጃቸውን ሊታጠቡ ቤታችን ገቡ። ፊታቸው የልጅ ፊት ሆኗል። እኔም አሰብኩ። አዋቂው መካኒክ ሸራውን ገልጦ ሄደ። እኚህ ሰውዬ ሸራውን ገልጠው ቀሩ። «ቀላል ነው» የሚል ሰው ባይኖር ኖሮ እናቴ ዛሬም ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። እወዳቸዋለሁ፤ ይኼው በጽሑፍ አሰፈርኩት፣ እንግዲህ መካድ የለም።

ጓዳ ገብቼ ፎጣውን አነሣሁ። ካውያውን አምጥቼ ከፊታቸው አስቀመጥኩት።

እጃቸው ወዲያው ወደ ካቻቢቴዋ ሄደ። ከዚያ ቆም አሉ። አንድ ጊዜ በር ላይ ወደ ቆመችው እናቴ አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስቲ መጀመሪያ ንገሩኝ» አሉ። «ምን ሆኖ ነው?»