እንቅልፍ የጠቀለሉት አቶ ረታ

በየመሥሪያ ቤቱ የሌሎቻችንን እንቅልፍ ጠቅልሎ የወሰደ አንድ ሰው አይጠፋም። ፊቱ አይጨማደድም፣ ጨጓራው አያመውም፣ አለቃ ሲጮህበት እንኳ ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ዘመም አድርጎ ይሰማል። የእኛው ክቡር አቶ ረታ ይባላሉ። እኩያዬ ናቸው፤ መዝገብ ቤት አብረን ተቀጥረን ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። እዚህ አንቱ የምላቸው አክብሬያቸው አይደለም፣ ቀንቼባቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1988 ዓ.ም. ነው። ጎረቤታቸው የነበሩ ህንዳዊ የሂሳብ መምህር አገራቸው ሲገቡ አንድ ካሴትና አንድ እውቀት ትተውላቸው ሄዱ። እውቀቱ ዮጋ ኒድራ ይባላል። በጀርባ መንጋለል ነው፤ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ ከቀኝ አውራ ጣት ጀምሮ ሰውነትን በሐሳብ አንድ በአንድ መዞር። በቃ። ይህ ደግሞ ትምህርት ነው እንዴ ብዬ ስቄ ነበር፣ እስክሞክረው ድረስ።

ክቡርነታቸው ምሳቸውን በአሥር ደቂቃ ይጨርሱና በመዝገብ መደርደሪያዎቹ መሀል ሰሌን ያነጥፋሉ። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ካልሲያቸውንም። ቴፑን ቀስ አድርገው ይከፍቱና "ሥጋህን ለመሬት አስረክብ" ይላሉ፣ ለራሳቸው። ታይፒስታችን ዘርፌ መጀመሪያ የሰማች ቀን አማትባ ወጥታለች። ቦሌ ነንና አውሮፕላኑ ጣሪያችንን ሊነቅል ደርሶ ያልፋል፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የእሳቸው ቅንድብ ግን ንቅንቅ አይልም። ልክ በሰላሳ ደቂቃ ብድግ ብለው፣ ጠበል እንደተጠመቀ ሰው ፊታቸው በርቶ ወንበራቸው ላይ ይሰየማሉ።

አንድ ቀን አብረን ወደ መገናኛ ስንሄድ ታክሲያችን መሀል መንገድ ላይ ተበላሸ። ተሳፋሪው ረዳቱን ሊደበድብ ምንም አልቀረው፤ እኔም ከፊት ከተሰለፉት ነበርኩ። ክቡርነታቸው ኋላ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ግራ ትከሻቸው ላይ ደርሰዋል። ረዳቱ ሌላ ታክሲ ሲያገኝ "ፋዘር ደክሟቸዋል" ብሎ መጀመሪያ ያሳፈረው እሳቸውን ነው። ቦታው ሞላና እኔ የደከምኩት ቆሜ ቀረሁ።

እኔ እኮ ያኔ እንቅልፍ ካጣሁ ወራት አልፎኝ ነበር። ኪኒኑን ሞከርኩ፣ ወተቱን ሞከርኩ፣ ለራሴ አፍሬ ዮጋውንም በድብቅ ሞከርኩ። አውራ ጣቴ ላይ ስደርስ ቢሮ የጠፋብኝ መዝገብ ትዝ አለኝ፤ አመልካች ጣቴ ላይ የልጄ ፈተና፤ መሀል ጣቴ ላይ የአቶ ረታ የበራ ፊት። እዚያው ላይ ተናድጄ ተነሳሁ።

ታዲያ ቅናት ሲያንገበግበኝ ምን አደርጋለሁ? አማቸዋለሁ፣ ያውም ሰሌናቸው አጠገብ ቆሜ። ዘርፌን "ይኸውልሽ ሬሳው" እላታለሁ። ጭንቅላቱ ባዶ የሆነ ሰው ምን እንቅልፍ ይነሳዋል እላታለሁ። ዘርፌ ትቆጣኛለች፣ እኔ እቀጥላለሁ። ጥር ላይ ግን ምነው ወልደጻድቅ፣ እንዲህ ከሳህ ብላ ስትጠይቀኝ ለማንም ያልነገርኩት አመለጠኝ። ባለቤቴ እንዳትጨነቅ የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፍኜ እንደማነጋ፣ ላብድ ነው ብዬ እንደምፈራ ነገርኳት። እሳቸው እንደልማዳቸው እግራችን ሥር ተዘርግተዋል።

ግንቦት ላይ መደርደሪያውን ስቼ አንድ ክምር መዝገብ ወለሉ ላይ ዘረገፍኩ። የምሳ ሰዓት ነበር። አቶ ረታ መዝገቡን አብረውኝ ለቀሙ፤ ከዚያ ከሰሌናቸው ጎን ሁለተኛ ሰሌን አነጠፉ። መቼ እንዳመጡት እንጃ። ኩራቴ አትተኛ አለኝ፣ ጉልበቴ ግን ተኛ። ቴፑን አልከፈቱም። ሳንጀምር እያንዳንዳችን በልባችን አንዲት አጭር ምኞት ሦስት ጊዜ እንላለን አሉኝ። አንተ ምንድን ነው የምትለው ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ወልደጻድቅ ይተኛ፣ ነው የምለው። ከጥር ጀምሮ።"

ከየት ሰማህ ብል፣ ፈገግ አሉ።

"ይሄ እንቅልፍ አይደለም እኮ። ሰውነት ያርፋል እንጂ ጆሮ ነቅቶ ነው የሚቆየው።"

"ሁሉንም ትሰማለህ?"

"ሬሳውንም ሰምቻለሁ።"

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ፤ ተጋድሜባታለሁና ሩቅም አልነበረች። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ረታ "ቀኝ አውራ ጣት" አለ፣ በዚያ ቀሰስተኛ ድምፁ። እስከ ክርኔ ድረስ ትዝ ይለኛል።

ስነቃ አሥር ሰዓት ሆኗል። የዘረገፍኩት መዝገብ ሁሉ በተራው ተደርድሯል። ዘርፌ እንደነገረችኝ አለቃችን ፈልጎኝ መጥቶ ነበር፤ ውሸት የማያውቀው ረታ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዷል ብሎ መልሶታል። የቀረውን ሰዓት ጉንጬን ይዤ ሠራሁ።

አሁን ደህና እተኛለሁ። ቅናቱ ግን ብሶብኛል። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ከበላዬ ቆሞ ለሚሰድበኝ ሰው አንድ ቀን እንኳ መልካም አልመኝለትም። ረታ አራት ወር ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ተመኘልኝ።