የአባባን ሞተር ለማደስ የተቋቋመው የቤተሰብ ኮሚቴ አሥራ አራተኛ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን

ሰዓት፦ ለጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 3፡40 ላይ ተጀመረ። የዘገየው ሰብሳቢው ስለ ሰዓት ማክበር የሚያሰሙትን ንግግር እያዘጋጁ ስለነበር ነው።

ቦታ፦ የሰብሳቢው መኖሪያ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛ። ሞተሯ ከጠረጴዛው ዘጠኝ እርምጃ ርቃ፣ በረንዳው ላይ፣ እንደ ወትሮዋ ቆማለች።

የተገኙ፦

1. ሰብሳቢ፦ የአባባ ታላቅ ልጅ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ። ሞተር ነድተው አያውቁም።

2. አባል፦ ታናሽ ልጅ፣ በቅጽል ስሙ ቱርቦ። ስለ ሞተር የማያውቀው ነገር የለም፤ ያወቀው በስልኩ ነው።

3. አባል፦ አማች፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ። አደጋ ደርሶባቸው አያውቅም፤ በየቀኑ ግን ይጠብቁታል።

4. ያለ ድምፅ ተሳታፊ፦ አባባ። ጡረታ የወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢና የሞተሯ ባለቤት ናቸው። ባለቤትነታቸው በሁለተኛው ስብሰባ «የጥቅም ግጭት» ሆኖ ስለተገኘ ድምፅ የላቸውም።

5. በጥሪ የተገኙ፦ እማማ፣ የአባባ ባለቤት። የተጠሩት ሻይ እንዲያቀርቡ ነው።

6. ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ የሰብሳቢው ሚስት። ጽሕፈቷ ያምራል ተብላ ተመረጠች፤ ሐሳቧን የጠየቃት የለም።

ያልተገኙ፦ ሴት ልጅ፣ የአማች ባለቤት። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ስለሳቀች በዲሲፕሊን ታግዳለች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ድምፅ ያላቸው ሦስቱም በመገኘታቸው ተሟልቷል። ሦስቱ በአንድ ሐሳብ ላይ ተገናኝተው ስለማያውቁ የመሟላቱ ጥቅም እስካሁን አልታወቀም።

አጀንዳ 1፦ አጀንዳ ማጽደቅ

ሰብሳቢው ስለ ሰዓት ማክበር ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ አጀንዳዎቹን አነበቡ፦ የዕቃ ቆጠራ፣ መቀመጫ፣ ድምፅ፣ ቀለም።

አባባ እጃቸውን አወጡ። «ማስነሳትስ?» ሲሉ ጠየቁ። ጉልበታቸው ሰኞ ጠዋት ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግለት፣ ሐኪሙም ከዚያ ወዲያ ሞተር የሚባል ነገር እንዳያስቡ እንደነገራቸው አስረዱ። ስለዚህ ዛሬ፣ ወይም ቢበዛ ነገ፣ አንዴ ብቻ እማማን ከኋላ አስቀምጠው እስከ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ደርሰው መመለስ ይፈልጋሉ። እማማ እዚያ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተዋል፤ አባባ ደግሞ ቆጣሪ ለማንበብ ከመሄዳቸው በፊት በየማለዳው በዚችው ሞተር ያደርሷቸው ነበር።

ሰብሳቢው ሐሳቡ ልብ የሚነካ መሆኑን ገልጸው «ልዩ ልዩ» ሥር እንዲገባ አደረጉ። ልዩ ልዩ የመጨረሻው አጀንዳ ነው። በአሥራ ሦስት ስብሰባዎች ተደርሶበት አያውቅም።

አጀንዳ 2፦ የዕቃ ቆጠራ

ለማስታወስ ያህል፣ ቱርቦ ማንንም ሳያማክር የፊቱን ጭቃ መከላከያ በመጋዝ ስለቆረጠና የመቀመጫውን ቆዳ ስለገፈፈ፣ ማንም ብቻውን እንዳይሠራ በዘጠነኛው ስብሰባ ሦስት ዋና ዋና ዕቃዎች ተፈትተው ለሦስቱ አባላት በአደራ ተሰጥተዋል። ካርቡሬተሩ በሰብሳቢው የሥራ ቦርሳ፣ እሳት ጫሪው ካንዴላ በክር ታስሮ በቱርቦ አንገት፣ ሰንሰለቱ በአማች መኪና ውስጥ ይገኛሉ። በዚህ ብልሃት ሞተሯ ላይ ላለፉት አምስት ወራት አንድም ስህተት አልተፈጸመም። አንድም ሥራ አልተሠራም።

ዛሬ ሦስቱም ዕቃዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ስማቸው ተጻፈባቸው። ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ ጨርቁ እንዳይፈታ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ሲወስን ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ተጨብጭቧል።

አባባ ካርቡሬተሩን ለማየት ጠየቁ። ሰብሳቢው «አባባ፣ ይሄ እኮ ስስ ዕቃ ነው» ብለው ከለከሏቸው። አባባ ይህንኑ ስስ ዕቃ በየመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው በጥርስ ብሩሽ ሲያጥቡት ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳለፋቸው ገለጹ። መግለጫቸው ተመዝግቧል። ከመመዝገብ ያለፈ ነገር አልተደረገበትም።

4፡15 ላይ ለሻይ እረፍት ተወጣ። አባላቱ ወደ ሳሎን ሲያልፉ ጸሐፊዋ ዕቃዎቹን እንድትጠብቅ ታዘዘች።

ቃለ ጉባኤ እውነተኛ መሆን አለበት ስለተባለች ጸሐፊዋ የሚከተለውን ትመዘግባለች። ከሰብሳቢው በቀር ይህን መዝገብ የሚያነብ የለም፤ ሰብሳቢውም የሚያነቡት የራሳቸውን ንግግር ብቻ ስለሆነ የምትሰጋበት ምክንያት የላትም። ጸሐፊዋ ሦስቱን ጨርቆች ፈታች። ካርቡሬተሩን፣ ካንዴላውንና ሰንሰለቱን በሽሮ መንፊያ ወንፊት ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ለተቀመጡት ለአባባ አስረከበች። በካርቡሬተሩ ምትክ ሁለት ድንች፣ በካንዴላው ምትክ አንድ ካሮት፣ በሰንሰለቱ ምትክ የካውያውን ገመድ ጠቅልላ ጨርቆቹን እንደነበሩ አሰረች። አባባ ወንፊቱን ተቀብለው «ልጄ፣ ባልሽ እንዳይቆጣሽ» አሉ። ጸሐፊዋ ባሏ የሚቆጣው በአጀንዳ ብቻ መሆኑን አስረዳቻቸው።

አጀንዳ 3፦ መቀመጫ

ቱርቦ በስልኩ ሥዕል እያሳየ፣ በአሁኑ ጊዜ ክብር ያለው አሮጌ ሞተር ሁሉ የአንድ ሰው መቀመጫ ብቻ እንዳለው አስረዳ። አማች ሁለት ሰው ሁለት አደጋ ማለት ስለሆነ ሐሳቡን ደገፉ። ራሳቸው ግን ሞተሯ ጨርሶ ሳትነሳ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብትቀመጥ እንደሚመርጡ በድጋሚ አስመዘገቡ። ሰብሳቢውም ለጊዜው አንድ መቀመጫ ይበቃል አሉ።

ብርጭቆ ሊያነሱ የገቡት እማማ «እኔስ የት ልቀመጥ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሰብሳቢው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን በአክብሮት ገለጹላቸው። እማማ ብርጭቆዎቹን ትተው፣ የሶፋውን ትራስ በብብታቸው ይዘው ወጡ። ትራሱን ለምን እንደያዙ የጠየቀ አባል አልነበረም። ከረጅም ውይይት በኋላ መቀመጫው የአንድ ሰው እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ድምፅ

ቱርቦ የጭስ ማውጫዋ ድምፅ ማፈኛ ወልቆ ድምፅዋ ሦስት ሰፈር እንዲሰማ ሐሳብ አቀረበ። አማች ሲመልሱ፣ መንገደኛ ሊደነግጥ፣ ደንግጦ ሊወድቅ፣ ወድቆ እግሩን ሊሰበር፣ ተሰብሮም ሊከስ እንደሚችል ዘረዘሩ። ቱርቦ ቃል በቃል ይያዝልኝ ያለው የሚከተለው ነው፦ «ሞተር ካልጮኸች ሞተር ናት እንዴ? በቃ ብስክሌት በሏት! ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ሲተነፍስም ሄልሜት ያደርጋል እኮ!» አማች ደግሞ በበኩላቸው ጭቃ መከላከያ በመጋዝ ከሚቆርጥ ሰው ጋር ስለ ደህንነት እንደማይነጋገሩ አስመዘገቡ።

ቱርቦ ተነስቶ ቆመ። አማችም ቆሙ። ሰብሳቢው ሥርዓት ለማስከበር በአቅራቢያቸው ሌላ ነገር ስላጡ ጠረጴዛውን በካርቡሬተሩ ሦስት ጊዜ መቱ። ስስ ዕቃው ምንም ጉዳት አልደረሰበትም፤ ድንች ነው። ቱርቦ ተረጋግቶ «ለዚህች ካንዴላ ስል ዝም እላለሁ» አለና ካሮቱን ከነጨርቁ ስሞ መልሶ አስቀመጠው።

በዚሁ ጊዜ ከበረንዳው የብረት ድምፅ ተሰማ። ሰብሳቢው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊዋ አባባ ብሎን እያጠበቁ እንደሆነ በእውነት መለሰች። ሰብሳቢው «ደግ ነው፣ ጊዜ ያሳልፉበት» አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሞተሯ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጸጥተኛ፣ ቅዳሜና እሑድ ጯሂ እንድትሆን ተወሰነ። እንዴት ይሆናል የሚለው ለቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ተመራ። ንዑስ ኮሚቴው ቱርቦ ነው።

አጀንዳ 5፦ ቀለም

ሰብሳቢው የፋይል ካቢኔ ግራጫ፣ ቱርቦ የማያብረቀርቅ ጥቁር፣ አማች በጨለማ የሚያበራ ቢጫ አቀረቡ። ድምፅ ሦስት ጊዜ ተሰጥቶ ሦስቱም ጊዜ አንድ ለአንድ ለአንድ ሆነ። አማች የሞተሯ ባለቤት የመጀመሪያ ቀለሟን ያስታውሱ እንደሆነ እንዲጠየቁ ሐሳብ ሰጡ። አባባ በመስኮቱ በኩል፣ የብሎን መፍቻ ኪያቤውን በአፋቸው እንደነከሱ፣ ሰማያዊ እንደነበረችና አሁንም ሰማያዊ እንደሆነች፣ አቧራዋ ቢጠረግ እንደሚታይ ተናገሩ። መጥረግ በአጀንዳው ስላልተያዘ ታለፈ። ከረጅም ውይይት በኋላ የፊቷ ግራጫ፣ ሆዷ ጥቁር፣ ኋላዋ ቢጫ እንዲሆን ተወሰነ። ሦስቱም አባላት ውሳኔውን ጠልተውታል፤ ሰብሳቢው ይህን የመግባባት ምልክት ነው ብለዋል።

አጀንዳ 6፦ ልዩ ልዩ

6፡05 ላይ በኮሚቴው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ልዩ ልዩ ተደረሰበት። ሰብሳቢው የአባባን ጥያቄ አነበቡ። ጠያቂው በጠረጴዛው ዙሪያ አለመኖራቸው ታየ። ሰብሳቢው በደንቡ መሠረት ጠያቂው የሌለበት ጥያቄ ለቀጣዩ ወር እንደሚተላለፍና አባባ በጽሑፍ ማመልከት እንዳለባቸው ገለጹ። አማች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለማመልከት ሰፊ ጊዜ እንደሚኖራቸው አከሉ።

ከ6፡08 እስከ 6፡12 ቃለ ጉባኤ አልተያዘም። ጸሐፊዋ ሞተር እየገፋች ነበር።

አባባ ማስነሻዋን አምስት ጊዜ ረግጠው ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ነው። እማማ የጓሮውን በር ከፈቱ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ደብቀው ያቆዩትን ቤንዚን አስቀድመው ሞልተዋል፤ ትራሱንም በባዶው የመቀመጫ ብረት ላይ በሻሽ አስረዋል። ጸሐፊዋ ከኋላ ገፋች። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄደች ሞተሯ አሳለች፣ ጭስ ተፋች፣ ከዚያም ተነሳች። እማማ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኋላ ወጡና አባባን በወገባቸው ያዟቸው። «ቀስ በል እሺ» አሉ። አባባ ቀስ አላሉም።

ሰብሳቢው፣ ቱርቦና አማች እየሮጡ ወጡ፤ የደረሱት ለጭሱ ነው። ቱርቦ እስከ መታጠፊያው ተከትሎ ሮጦ ቁና ቁና እየተነፈሰ ተመለሰ። አማች ስልካቸውን አውጥተው የት እንደሚደውሉ ጠፋቸው። ሰብሳቢው ወደ ውስጥ ገብተው ጨርቆቹን ፈቱ። ድንቹን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ።

ጸሐፊዋ «ጽፌዋለሁ፣ አጀንዳ ሁለት ላይ አለልህ» አለች።

የበር ላይ አስቸኳይ ስብሰባ

ኮሚቴው አጥሩ ጋ ቆሞ ጠበቀ። አማች አደጋዎችን በተርታ መቁጠር ጀምረው ነበር፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቱርቦ ክንዳቸውን ያዘ። «አይዞህ፣ አባባ እኮ ናቸው» አላቸው። ሁለቱ ያለ ድምፅ አሰጣጥ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነው።

6፡37 ላይ ድምፅዋ ከሩቅ ተሰማ። ማፈኛዋ እንዳለ ነው፤ ሦስት ሰፈር አልሰማትም፤ እኛ ግን ሰማናት። ሰብሳቢው የሚከተለውን ያለ ምንም አጀንዳ ተናገሩ፦ «ልጅ ሆኜ ይቺን ድምፅ ስሰማ ኳሷን ከአልጋ ሥር ወርውሬ ደብተር እዘረጋ ነበር። አንድም ቀን አልተያዝኩም።» ከዚያ አለቀሱ። ጸሐፊዋ ይህን ስትመዘግብ እያሽሟጠጠች አይደለም።

አባባ በሩ ጋ አቆሙ። ጉልበታቸው ስላበጠ ለመውረድ ሁለት ሰው አስፈለገ። እማማ ሳይጠየቁ ሪፖርት አቀረቡ፤ የልብስ ማጠቢያው ዘበኛ እስካሁን እዚያው እንዳለና «ዛሬም አረፈድሽ» እንዳላቸው ተናግረው ሳቁ፣ እንባቸውንም በሻሹ ጫፍ ጠረጉ።

አባባ ቁልፉን ለሰብሳቢው ሰጡ። «ና፣ ተቀመጥ» አሏቸው።

ሰብሳቢው «አባባ፣ እኔ እኮ አልችልም» አሉ።

«አውቃለሁ። ሥራ ሥራ እያልኩ መች አስተማርኩህ። እስከ ነገ ማታ ጉልበት አለኝ፤ ቶሎ በል።»

ውሳኔ፦ ከአንደኛው እስከ አሥራ አራተኛው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ መቀመጫው፣ ድምፁ፣ ሦስቱ ቀለሞች፣ አደራው፣ የአባባ ድምፅ መነፈግና የሴት ልጅ እገዳ ጭምር፣ ተሽሯል። ሞተሯ ሰማያዊ ናት። ኮሚቴው ፈርሷል። ውሳኔው ያለ ምንም ውይይት፣ እማማና ጸሐፊዋም እጃቸውን አውጥተው፣ በሙሉ ድምፅ አልፏል።

ስብሰባው 6፡50 ላይ አበቃ። ካርቡሬተሩና ካንዴላው ለምሳ ተቀቅለዋል።

የሰብሳቢው ፊርማ፦ የለም። ሁለቱም እጃቸው መሪ ላይ ነው፤ አባባ ከኋላ ትራሱ ላይ ተቀምጠው «አትፍራ፣ ይዤሃለሁ» እያሏቸው ነው።