ጫማ በሙሉ ዓረፍተ ነገር

ባል፦ ጫማ።

ሚስት፦ ምን ዓይነት ጫማ?

ባል፦ የእግር።

ሚስት፦ የማን እግር?

ባል፦ [ጫማ ያለውንና የሌለውን እግሩን ተራ በተራ እያየ] የኔ።

ሚስት፦ ጎሽ። በል እነዚህን ገጣጥመህ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ንገረኝና አወርድልሃለሁ።

የባል ግራ ጫማ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው ያለው፤ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ፣ ክዳኑ ግጥም ተደርጎበት። የሰቀለችው ሚስቱ ናት። ሚስት የንግግር ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ አንድ ፈተና ቀርቷታል፦ አፉ ከማይፈታ ሰው ጋር ተቀምጣ፣ ስታናግረው ድምፅ ቀድታ፣ ዛሬውኑ ለፈታኟ መላክ አለባት። ካልላከች ምረቃው ለከርሞ ነው። እናቷ ደግሞ ገና ድሮ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ሐኪም ሆነች» ብለው ጨርሰዋል።

የተመደቡላት አዛውንት ልጃቸው ዘንድ ልሂድ ብለው ከከተማ ወጡ። መመሪያው ግን ቃል የሚቆጥብ ጎልማሳ ሁሉ ይሆናል ይላል፤ እሷም ለዚህ ከቤት መውጣት አላስፈለጋትም። ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሰፈሩ «ዝምታው» ነው የሚለው። ታገባታለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ እንኳ አንገቱን ነቀነቀና በዚያው ታለፈ ይባላል።

ዕቃ አርቆ መስቀል ከትምህርቱ ነው። ሕፃን ልጅ የሚፈልገውን እያየ ካልደረሰበት አፉን ይፈታል ተብላ ተምራለች። ልጅ ሲታጣ ባል ተገኘ። ሰሞኑን ምላጩም፣ ማበጠሪያውም፣ አንድ ቀን እራቱም ባልዲ ገብቷል። ፈተናው እስኪያልቅ እችላለሁ ብሎ ቃል ስለገባ ችሏል። ባልዲውን በወንበር ያወርደው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ግን ሚስቱ ተቀምጣበታለች።

ሚስት፦ ስም እንዳትጠራ፤ ስም መጥራት ክልክል ነው። ፈታኟ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ወንድ ልሁን ሴት እንኳ አታውቅም። እሷ ዘንድ ያለው የፈተና ቁጥሬና ስልኬ ብቻ ነው። [ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ መቅዳት ትጀምራለች] እሺ፣ ምን ትፈልጋለህ?

ባል፦ ጫማ።

ሚስት፦ «ባልዲ ውስጥ የደበቅሽብኝ ጥቁር ጫማ።» እኔ ስጨምር አንተም ትጨምራለህ።

ባል፦ ጥርስ ሐኪሙ።

ሚስት፦ ጥሩ፣ አዲስ ቃል መጣ። ጥርስ ሐኪሙ ምን ሆነ?

ባል፦ ደጅ ቀረ።

ሚስት፦ የራሱ ክሊኒክ በር ተቆልፎበት? ውስጥስ ማን አለ?

ባል፦ ታካሚው።

ሚስት፦ ታዲያ ተነሥቶ አይከፍትለትም?

ባል፦ ደንዝዟል።

ሚስት፦ የደነዘዘው ድዱ ነው እግሩ?

ባል፦ እንጃ።

ጥርስ ሐኪሙ ጠዋት ደውሎ እንደ ልጅ ተለማምጦት ነበር። መርፌውን ወግቶ፣ ጓንት ላምጣ ብሎ ሲወጣ በሩ ከኋላው ክርችም አለ። ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ወንበር ላይ ቀርቷል። በባል ልብ ውስጥ ያለው ይኸው አፍ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ምን እንደሚገባበት ያስባል።

ሚስት፦ አሁን ዝም ብዬ እጠብቅሃለሁ። ሐኪም ዝምታውን አይሞላም፤ ለታካሚው ይተውለታል።

[ዝምታ።]

ሚስት፦ እየጠበቅኩህ ነው።

[ዝምታ።]

ሚስት፦ እንዲህ ነው የሚጠበቀው። ሌሎቹ ተማሪዎች መጠበቅ አይችሉም፤ እኔን ግን እየኝማ፣ ዝም።

ባል፦ እህ።

ይቺ «እህ» ጣጣ አመጣች። ሚስት ከመጠበቅ ወደ ማስረዳት፣ ከማስረዳት ወደ ጎረቤት ተሻገረች። የልብስ ሰፊዋን አዲስ መጋረጃ፣ ወንድሟ ያልመለሰውን ብስክሌት፣ አማቷ በሠርጉ ቀን የተቀመጡበትን አኳኋን አንድ በአንድ አነሣች። ባል ቶሎ እንድትጨርስ ብሎ በየመሀሉ አንዲት ነገር ጣል ያደርግላታል።

ባል፦ ከዚያስ?

ሚስት፦ ከዚያማ... [ድምፅዋ ይወርዳል] እውነቱን ልንገርህ? እኔ እኮ ዝምታ እፈራለሁ። የመጀመሪያዋ ታካሚዬ አንድ ቃል ጠፍቷት ስትጨነቅ አላስቻለኝም፤ እኔው ጨረስኩላት። «ወንድሜን ነው የምትዪው?» አልኳት። በድካም ነቀነቀች። ወንድሟ ከሥራ ተጠርቶ መጣ። ለካ ውሃ ጠምቷት ኖሯል።

ባል፦ [ጫማውን ረስቶ] ውሃስ አገኘች?

ሚስት፦ አገኘች። ወንድሟ ቀዳላት። [አፍንጫዋን ትጠርጋለች] ይህን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ይህ ሥራ ለኔ አልተፈጠረም እያልኩ ነው የምተኛው።

ቀረጻው እዚህ ላይ አለቀ፤ የስልኩ ቦታ ሞልቶ። ሌላ ለመቅዳት ጊዜ አልነበረም፤ እንዳለ ላከችው። ልካም አልጋው ላይ በግንባሯ ተደፋች፣ አወይ ጉዴ እያለች። ባል ቀኝ እግሩን በጫማ፣ ግራውን በነጠላ ጫማ አድርጎ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ።

ሲመለስ ሚስት ያንኑ ወንበር ይዛ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። የጥርስ ሐኪሙ በር በቀላሉ ተከፍቶ ነበር፤ ታካሚው ግን በመስኮት ሄዷል። ይህን ሊነግራት አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። ሚስት ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገችው።

ፈታኟ፦ የፈተናው ፈታኝ ነኝ። ሠልጣኙን ያገናኙኝ።

ሚስት፦ [ከወንበሩ ብድግ ብላ] አቤት፣ እኔ ነኝ።

ፈታኟ፦ እርስዎማ ታካሚዋ ነዎት። ድምፅዎን ስሰማ ነው የዋልኩት፣ እንዴት ይጠፋኛል? ሠልጣኙን እባክዎ።

[ሚስት ባልን ታያለች። ባል ባልዲውን ያያል።]

ባል፦ አቤት።

ፈታኟ፦ ይኸው፣ ይህ ድምፅ ነው። ልጄ፣ ስንት ዘመን ስፈትን እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልገጠመኝም። ጫማዎን ባልዲ ውስጥ ደብቃብዎት እንኳ አልተቆጡም። ሐኪም ነኝ ስትል አላፈረሱባትም። ዝምታውን ለእሷ ትተው፣ ለእናቷ ያልነገረችውን አወጣች። «ውሃስ አገኘች?» ሲሉማ እኔ ራሴ መነጽሬን አውልቄያለሁ።

ሚስት፦ [ስልኩን ነጥቃ] ይስሙኝ እትዬ፣ ስሕተት አለ። ሠልጣኟ እኔ ነኝ። እሱ ባሌ ነው፣ ቁልፍ ሠሪ ነው፣ ስለ ንግግር የሚያውቀው ነገር የለም። ዝም የሚለው አውቆ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው፣ እናቱንም ቢያዩዋቸው እንዲሁ ናቸው። ጫማውን የሰቀልኩትም ለትምህርቱ ነው፣ እራቱንም እንደዚሁ...

ፈታኟ፦ [ለስለስ ብላ] አዎ የኔ እመቤት፣ ሐኪሟ እርስዎ ነዎት። አሁን ጫማውን ይመልሱለት፣ እሺ? ሠልጣኝ፣ አሉ?

ባል፦ አለሁ።

ፈታኟ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ከእንግዲህ ሕክምናዋን እንዴት ይቀጥላሉ?

ሚስት እጆቿን አገናኝታ ተለማመጠችው፤ እውነቱን ንገርልኝ ትበል፣ አሳልፈኝ ትበል፣ ለእሷም የለየላት አይመስልም። ባል አሰበ። ስለ ንግግር ሕክምና የሚያውቀውን ሁሉ ፈለገ፤ ያገኘው ባልዲ ብቻ ነው። እንደገና አሰበ። ፈታኟ በዚያኛው ጫፍ ትንፋሿን ይዛለች።

ባል፦ እጠብቃለሁ።

ፈታኟ፦ [ወንበሯ ሲንቋቋ ይሰማል] አለቀ። ቁጥርዎ በከፍተኛ ማዕረግ አልፏል። ታካሚዋን አደራ፤ ገና ብዙ ይቀራታል።

ስልኩ ተዘጋ። ቁጥሩ የሚስት ነው። ምረቃውም የሚስት ነው። ያለፈችው ግን በታካሚነት ነው፤ ይህን ለማን ብላ እንደምታስረዳ ጠፋት። ክሊኒኩ ውስጥ እንደቀረው ሰውዬ አፏን ከፍታ ቆመች። ከተጋቡ ወዲህ ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ወንበሩ ባዶውን ነበር። ባል ወጣበትና ባልዲውን አወረደ። ጫማውን አውጥቶ አጠለቀ፣ ክሩንም ሳይቸኩል አሰረ። ከዚያ ከእጇ ስልኩን ቀስ አድርጎ ወሰደ። ባልዲው ውስጥ ከተተው፣ ክዳኑን ግጥም አድርጎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ መለሰው፣ ወርዶም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

[ባልዲው ውስጥ ስልኩ ይጮኻል። የስልኩ መስታወት ላይ «እማዬ» የሚል ይበራል።]

ሚስት፦ ስልክ።

ባል፦ [ተደላድሎ] ምን ዓይነት ስልክ?