«እኔ ነበርኩ» ባዩ አቢሶ

የትም አገር፣ የትም ሰፈር ብትሄዱ፣ ሁሉ ነገር ሲሆን በቦታው የነበረ አንድ ሰው አታጡም። ድልድዩ ሲመረቅ ነበረ። ባንኩ ሲዘረፍ ፊት ለፊት ቆሞ ያይ ነበር። ለቅሶ ቤት ብትቀመጡ ስለ ሟቹ ከሚስቱ የበለጠ ያውቃል፤ ሠርግ ብትሄዱ ሙሽሮቹን ያስተዋወቀው እሱ ነው። ለእኛ ለጆሃንስበርግ ሐበሾች የደረሱን ክቡር አቶ አቢሶ ናቸው። ከከተማዋ ዳር ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ውስጥ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ የሚሸጡባት፣ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው በሁለት ቃል ነው፦ «እኔ ነበርኩ።»

እኔ ጀርሚስተን ላይ ብርድ ልብስና መጋረጃ እሸጣለሁ። አቶ አቢሶ ከጅምላ መደብር ዕቃ ሊጭኑ በመጡ ቁጥር ሱቄ በር ላይ ያርፋሉ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። ደንበኛ መጋረጃ ሲያስለካ እሳቸው ከጎን ሆነው ይተርካሉ፤ ደንበኛው ትረካው ሳያልቅ፣ መጋረጃውንም ሳይገዛ ይሄዳል።

ትረካው ደግሞ አገር አያዳርስም። የሚዞረው በአንድ ሕንጻ ዙሪያ ነው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ፣ መሃል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ያረጀ ሕንጻ ላይ፣ «ሰባተኛ ፎቅ» የሚባል ሙዚቃ አሳታሚ ነበር። ያሳትም የነበረው ሃውስ የሚሉትን፣ ያንን ዱም ዱም እያለ የታክሲ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ ነው። ባለቤቱ ብራ ሞኬቴ ይባሉ ነበር፤ ብራ እዚህ እንደ እኛ ጋሼ ነው። ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ ብራ ሞኬቴም አምና አረፉ። ሙዚቃው ግን አልተዘጋም። በሠርግ ይጨፈርበታል፣ በመኪና ማጠቢያው ይጮኻል፣ ከቀብር መልስ ሳይቀር ይከፈታል። አውሮፓ ድረስ የሚያጫውቱት አሉ ይባላል።

ታዲያ አቶ አቢሶ እዚያ ነበሩ። ከሆሳዕና ተነስተው፣ ሦስት አገር በጭነት መኪና ተሻግረው ጆሃንስበርግ እንደገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው የሸክላ ካርቶን ከሰባተኛ ፎቅ ማውረድ ነበር። ሊፍቱ አይሠራም። «ዛሬ ዓለም የሚጨፍርበትን ሙዚቃ በጀርባዬ ነው ያወረድኩት» ይላሉ፤ ወገባቸውንም ይይዛሉ።

ይሄ ብቻ ቢሆን በተቻለ ነበር። ከሰባተኛ ፎቅ ሥራዎች ሁሉ የገነነው፣ ሰው «ኮይ ኮይ» የሚለው ዘፈን አለ። አንዲት ልጅ በለሆሳስ ታዜማለች፤ ከዚያ ድንገት ቀጭን የወንድ ድምፅ ከሩቅ ይጮኻል፦ «ቆይ፣ ቆይ።» ድምፁ ይደጋገማል፣ ከበሮው ይገባል፣ ጭፈራ ቤቱ በሙሉ እጁን አንስቶ አብሮ ይላል። ቃሉ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ የማዕድን ሠራተኞች ጥሪ ነው ይላል። ክቡር አቶ አቢሶ ግን ያውቃሉ።

«እኔ ነኝ» ይላሉ። «ጓደኛዬ ካርቶን ተሸክሞ ደረጃው ላይ ሲንሸራተት ደንግጬ ስጮህ ማይኩ ቀዳኝ።»

አንድ ቀን ከጀርሚስተን ወደ ካትሌሆንግ አብረን ስንሄድ ታክሲው ውስጥ ይኸው ዘፈን ተከፈተ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። አቶ አቢሶ የሾፌሩን ትከሻ ነካ አድርገው በዙሉ ነገሩት።

«አንተ ማይ ፍሬንድ?» አለ ሾፌሩ። ሱቅ ያለውን የውጭ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት። «እስቲ በለው።»

አሉት። ጎርነን ያለ፣ የሐምሳ ዓመት ጎልማሳ «ቆይ» ነበር። ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ሰውየው መውረድ ፈልጎ መስሏቸው ሾፌሩን «አቁምለት እንጂ» ብለው ተቆጡ። ሾፌሩም አቆመ። የቀረውን መንገድ በእግራችን ሄድን።

በቤተ ክርስቲያናቸውም ነገሩ ሰላም አልሰጣቸውም። ሽማግሌው አቶ ሽጉጤ በጉባኤ መሃል «ወንድም አቢሶ፣ የዓለም ዘፈን ውስጥ ድምፅህ ካለ ንስሐ ነው እንጂ ወሬ አያስፈልገውም» ብለዋቸዋል። አቶ አቢሶ ያን ቀን ለምን ዝም እንዳሉ አልገባኝም ነበር።

ሌላም አመል አላቸው። አዲስ የመጣ የአገር ልጅ ሲያገኙ ዙሉ ቋንቋ ያስተምራሉ። ሁላችንም ለእንግዳ መጀመሪያ የምናስተምረው «ሳውቦና» ነው፤ ጤና ይስጥልኝ። እሳቸው ግን «ኢማ» ነው የሚያስጠኑት። ኢማ ማለት ቁም፣ አትነቃነቅ ነው። «ሰላምታ ይደርሳል» ይላሉ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በውጭ ሰዎች ላይ ሰልፍ ሲወጣ የእሳቸው መንገድ ተመታ። ሦስት ሱቅ ወዲያ የነበረው ምሕረቱ ከነሱቁ ተቃጠለ። የቀበርነው በተዘጋ ሣጥን ነው። ከመንገዱ ሳትነካ የቀረችው የአቶ አቢሶ ሱቅ ብቻ ነበረች። ለቅሶው ላይ ተቀምጠን እንዴት ብንላቸው «ያውቁኛል፤ ሰባተኛ ፎቅ ነበርኩ» አሉን። የምሕረቱ ሚስት የዓለምወርቅ እዚያው አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን ጠላኋቸው። ወሬ ለሚያሞቀው ሰው የእሳት ነገር አይገባውም አልኩ በሆዴ።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ስለ ሰባተኛ ፎቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ የድሮ ፎቶ፣ ሸክላ፣ የመቅጃ ዕቃ። ቅዳሜ ጠዋት አቶ አቢሶ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው ሱቄ መጡ። «ፍሬገነት፣ ዛሬ ታያለሽ» አሉኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት ወሬ ማብቂያ ይሆናል ብዬ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ።

ከፎቶ ፎቶ እየተከተልኳቸው ዞርን። ብራ ሞኬቴ አሉ፤ ዘፋኞች አሉ፤ ደረጃው ሳይቀር አለ። አቢሶ የሚባል ፍጡር ግን በአንዱም ውስጥ የለም። ልስቅ ነበር። ከመጨረሻው ግድግዳ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ ቆመውም ቀሩ።

ግድግዳው ላይ የአንዲት ልጃገረድ ፎቶ ተሰቅሏል። ዛኔሌ ትባላለች፤ «ኮይ ኮይ»ን የዘፈነችው እሷ ነች። ከሥሩ የተቆረጠ ጋዜጣ አለ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዘፋኝ ከሰባተኛ ፎቅ ክፍት በነበረ የሊፍት ጉድጓድ ወድቃ መሞቷን ይናገራል። የመጨረሻው መስመር «አደጋው ሲደርስ በስፍራው ማንም እንዳልነበረ ፖሊስ አረጋግጧል» ይላል።

ዞር ብዬ አየሁት። ከዚህ በኋላ አንቱታውን እተወዋለሁ፤ የቀልድ ነበር፣ ቀልዱም እዚያ ግድግዳ ሥር አለቀ። አቢሶ የጋዜጣውን የመጨረሻ መስመር በጣቱ ይነካካል። ክንዱን ይዤ አወጣሁትና ከሕንጻው ፊት ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥን።

«ጓደኛ አልነበረኝም» አለ። «ካርቶን የተሸከመ ጓደኛ የሚባል የለም።»

ከዚያ ነገረኝ። ኮሪደሩ ድምፅ ስለሚመልስ ብራ ሞኬቴ ልጅቷን የሚቀዷት እዚያ ነበር፤ እሳቸው ከውስጥ ከመሣሪያው ጋር፣ እሷ ውጭ ከማይኩ ጋር። የሊፍቱ በር ተሰብሮ ስለነበር ሳንቃ ይጋረድበታል። ያን ቀን ካርቶኖቹ ሰፋፊ ነበሩና ሳንቃው ለአቢሶ መንገድ ዘጋበት። ሳንቃውን አንስቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ የመጨረሻውን ካርቶን ሳወርድ እመልሰዋለሁ ብሎ። ደረጃውን ሲወጣ አያት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እያዜመች ወደ ኋላ ትወዛወዛለች።

«ጮህኩ። በምን ልጩህ? እንግሊዝኛ የለኝ፣ ዙሉ የለኝ። በቤቴ ቋንቋ እንኳን አልመጣልኝም፤ ከአገር ሰው ጋር ሁሉ የማወራው በአማርኛ ስለነበር አማርኛው ቀደመ። ድምፄን ሰማች መሰለኝ፣ ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ ፍሬ። ፈገግ አለች። ሰላም ያልኳት መስሏት ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ጨመረች።»

ሰው እንዲህ ሲል ምን ይባላል? እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ቋንቋ አራሚ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው፦ «ለሴት እኮ ቆዪ ነው የሚባለው።» እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ያኔ አማርኛዬ ወንድና ሴት አይለይም ነበር» አለኝ ሳይቆጣ።

ፖሊስ ሳይደርስ ብራ ሞኬቴ «ወረቀት የለህም፤ ሂድ» አሉት። ለእሱ አዝነው ነው። ሄደ። ማንም አልነበረም ተባለ። እሱም ከዚያ ወዲህ ለታክሲ ሾፌሩም፣ ለጉባኤውም፣ ለመጋረጃ ደንበኞቼም «ነበርኩ» ሲል ኖረ፤ የነበረበትን ቦታ ግን ሳይናገር።

«እናቷ በሕይወት አለች?» አልኩት።

ዓይኔን ሳያይ መለሰልኝ። «ሱቄ ፊት ለፊት ነው ቤቷ። ለዚህ እኮ ነው ካትሌሆንግ የገባሁት። አሥራ ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት ከእኔ ዳቦ ትገዛለች። ልነግራት ነው የሄድኩት። ዛሬ፣ ነገ ስል...»

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት አብረን ሄድን። ጎጎ ኖምሳ ከሰባ ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ በረንዳ ላይ በፕላስቲክ ወንበር የምትቀመጥ ሴት ናት። ጎጎ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራታል። አቢሶ ሳይቀመጥ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በዙሉ ጀመረ። ሳንቃው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ጎጎ ወደ እኔ ዞር ብላ «ወንበር ስጭው» አለችኝ። ሰጠሁት።

«ድምፅህን አውቀዋለሁ» አለችው። «ሱቁን በከፈትክ በዓመቱ አንድ ሕፃን መኪና ሥር ሊገባ ሲሮጥ «ኮይ» ብለህ ጮህክ። ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ ነበር። ዳቦው ከእጄ ወደቀ።»

አቢሶ ቀና ብሎ አያት። «ከዚያን ጊዜ ጀምሮ?»

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ። ሞኬቴ ዘፈኑን ሳያወጣው በፊት አሰምቶኛል። ይህን ጩኸት ልቁረጠው ወይስ ይሁን አለኝ። ልጄን የጠራት ሰው ነው፣ ይሁን አልኩት። ማን ነው ስለው አላውቅም አለኝ። ደብቆህ ነው።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም፣ ጎጎ?»

«መናገሩ የራስህ ነገር ነው። በግድ ምን አደርገዋለሁ?» አለችና ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «የሰልፉ ቀን ግን ፈራሁ። ሳትነግረኝ ሊገድሉህ ነው ብዬ ይህንን ወንበር ሱቅህ በር ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቤንዚን የያዙትን ልጆች በየስማቸው ነው የማውቃቸው። የአንዱን እናት ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ወደዚያኛው ልጅ ሱቅ ግን አልደረስኩም። ጉልበቴ አልፈቀደም።»

የዚያኛው ልጅ ስም ምሕረቱ ነው አልኳት። ስሙን ሁለት ጊዜ አለችው፤ አንደበቷ እስኪለምደው።  አቢሶ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ያለቅስ ነበር፤ ትከሻው ብቻ ይታያል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው በመጨረሻ። «ቃሉ ምን ማለት ነው? ስንት ዓመት ሰማሁት። ሰው ሲጨፍርበት ሰማሁት። ትርጉሙን የነገረኝ የለም።»

አቢሶ ፊቱን ጠረገ። ኢማ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቁሚ ማለት ነውና፣ ያኔ ሊል የፈለገውም እሱን ነውና። አሰበ፣ አሰበና «ሳላ» አላት። ሳላ በዙሉ ቅሪ፣ እኛ ጋ ሁኚ ማለት ነው።

ጎጎ ኖምሳ ራሷን በዝግታ ነቀነቀች። አልተጽናናችም፤ ሃያ አምስት ዓመት የቆየ ሐዘን በአንድ ቃል አይጽናናም። ግን ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«እኔ አልነበርኩም» አለችው። «አንተ ነበርክ። ምን ለብሳ ነበር? ምን እያለች ነበር? ከጠዋቱ ጀምረህ ንገረኝ፤ አታሳጥርብኝ።»

ማሳጠር የማይችለው ሰው ጀመረ። አረንጓዴ ሹራብ ነበር፤ በግራ እጅጌው ክሩ የተተረተረ። ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ እያረፈች ትስቅ ነበር። አራተኛው ፎቅ ላይ ከካርቶኑ አንዱን ጫፍ ልያዝልህ ብላ በእጇ ብታሳየው እምቢ ብሏታል። የብራ ሞኬቴን ሻይ ጠጥታበታለች። ትረካውን አቋርጦ አንገቱን ሲደፋ፣ ጎጎም ዓይኗን ስትጨፍን፣ መሃል ላይ የተቀመጥኩት እኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጆሮዬን ያደረቀኝን ሰው ክንዱን ነካ አድርጌ «ከዚያስ?» አልኩት።