ምሳ የጠየቀችው ዓሣ

«ድሮ» ባይ የሌለበት ሰፈር የለም፤ ካለም ገና ሰፈር አልሆነም። የእኛው «ድሮ» ባይ ድልድዩ ሥር ጫማ የሚሰፉት ሰውዬ ናቸው፤ በሙሉ ማዕረጋቸው «ክቡር ድሮ»። ስለ ዳቦውም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ሶሉም «ድሮ እኮ!» ይላሉ። ወሬው ወንዙ ላይ ሲደርስ ግን መዶሻቸውን ያስቀምጣሉ። ያኔ ጫማዬን ዛሬ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው።

«ድሮ እኮ እዚህ ወንዝ ውስጥ የዓሣው ዓይነት ብዛቱ! ጢማሙ ብትል፣ ሆደ ነጩ ብትል፣ እንደ እባብ የሚጥመለመለው ብትል! ከሁሉ ከሁሉ ግን ቀይ ጅራቷ!»

ቀይ ጅራቷ ጎኗ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበራት አሉ። ልኳን የሚያሳዩት የሕፃን ጫማ ሶል አንስተው ነው። ከእሳቸው በቀር ያያት ሰው ግን በሰፈራችን አልተገኘም።

«ከላይ ገደቡት፤ ውኃው ተኛ። ዳር ዳሩን ያለውን ዛፍ ጨረሱት፤ ጥላው ሄደ። አሸዋውን ዝቀው ጫኑት፤ ዓሣው እንቁላሉን የት ይጣል? ቆዳ ፋብሪካው ደግሞ የራሱን ጨመረበት። ይኼ ሁሉ አልበቃ ብሎ፣ ‹ለእናንተው ብለን ነው› የሚሉ ደጋጎች መጡና ያንን አፈ ሰፊ ዓሣ ለቀቁብን። የተረፈውን እሱ ለቀመው!»

አንዲት ጠበቃ የጫማዋ ተረከዝ ተነቅሎ ወደ ችሎት ስትሮጥ እሳቸው ዘንድ ጎራ ብላ ነበር። የግድቡ ወሬ ሳያልቅ ቀጠሮዋ አለፈ።

ክቡር ድሮ ማታ ማታ መንጠቆ ይጥላሉ። የሚወጣው ያው አፈ ሰፊው ነው። «ደግሞ አንተ?» ብለው ያፈጡበታል።

ምሳ የሚያመጡላቸው ባለቤታቸው በዚህ ሁሉ ይስቃሉ። «አይ አንተ ሰውዬ! ዛሬ ደግሞ ጅራቷ ረዘመ!» ሰፈሩ በሙሉ ቢስቅ ክቡር ድሮ ደንታም የላቸው። ባለቤታቸው ሲስቁ ግን ምስማሩን ስተው አውራ ጣታቸውን ይመታሉ።

«አንዲት ብቻ ይዤ ለባለቤቴ ላሳያት» አሉኝ አንድ ቀን ቀስ ብለው። «ውሸታም አለመሆኔን ትይ። ከዚያ በኋላ ዝም እላለሁ።»

ዘንድሮ ክረምት ላይ አመማቸው። ሲድኑ የመንጠቆውን ዘንግ ጥግ አስደግፈው ተዉት፤ ጫማም በቀጠሮው ቀን ማስረከብ ጀመሩ። ሰፈሩ ደነገጠ።

አንድ ጠዋት ባለቤታቸው «እስቲ ውኃው ዳር ወረድ በል፤ አየር ይነካህ» ብለው ገፋፏቸው። ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ሰማን።

«ቀይ ጅራት! ሴትዮ፣ ነይ! ቀይ ጅራት!»

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራስ እንደላጨ ትቶ ሮጠ፤ እኔም በአንድ እግር ጫማ። እውነትም ድንጋይ በከበበው ውኃ ውስጥ አንዲት ቀይ ጅራት ትዋኛለች። ክቡር ድሮ ተንበርክከው ጣታቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩ። ዓሣዋ መጥታ ጣታቸውን ጠባ ጠባ አደረገች።

ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ።

«የወንዝ ዓሣ ጥላዬን ስታይ ትሸሻለች» አሉ። «ይቺ ምሳ ጠየቀችኝ።» ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ከየት አመጣሻት?»

«ከጌጥ ዓሣ ሻጩ» አሉ ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው። «ለአንተው ብዬ ነው።»

«እነዚያስ ምን አሉ? ‹ለእናንተው ብለን ነው› አይደል ያሉት? ወንዙን የጨረሰው እኮ እንዲህ ያለ ደግነት ነው! ሳፋ አምጡ! ቶሎ በሉ!»

ልብስ ማጠቢያው ሳፋ መጣና ዓሣዋን ጨለፏት። ክቡር ድሮ እየተነጫነጩ አጎንብሰው አዩዋት። ልኳ የሕፃን ጫማ ሶል ነው። ጎኗ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ።

«ነጥቧን ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነሃ! ሌላ ማን ይነግረኛል? ሻጩ ነጥብ የሌላትን ቢያመጣ እምቢ፣ ትልቋን ቢያመጣ እምቢ፤ ስመላለስ እግሬ ቀጠነ። በቀደም ነው ያገኘልኝ።»

«ታዲያ ስትስቂብኝ የኖርሽው…»

«መሳቁንማ እስቃለሁ። አላመንኩህም አልኩ?»

ክቡር ድሮ አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። እኛም አንድ በአንድ ወደየሥራችን ተበተንን።

ዓሣዋ እስካሁን ድልድዩ ሥር፣ እሳቸው አጠገብ፣ ሳፋው ውስጥ ናት፤ ልብሳቸው እኛ ቤት ይታጠባል። እውነተኛዋ ቀይ ጅራት ስላልሆነች ዝም የማለቱ ቃል አይጸናም፤ ተመስገን ነው። ትናንት ደህናውን ጫማዬን ይዤ ሄድኩ።

«ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ተረከዙ ሳይሆን አይቀርም» አልኩና በርጩማው ላይ ተመቻቸሁ።

«ዛሬ አይደርስም» አሉ ክቡር ድሮ፣ መዶሻቸውን አስቀምጠው።