ነዋሪ የሚያደርገው ሐሜት

ሰው በሰው መኪና ይቀናል፤ በሰው ሚስት ይቀናል፤ ራሱ የተመለጠ ደግሞ በሰው ጸጉር ይቀናል። ይህ ሁሉ ያለ ነው፣ ማንም አይፈርድበትም። እኔ ግን የቀናሁት በሰው እንቅልፍ ነው። በዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ የምሬን ነው የቀናሁት።

የእንቅልፉ ባለቤት ቢንያም ይባላል። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ዋይትሆርን ሰፈር፣ የጋሼ ታደሰ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ዩኒቨርሲቲያችን አንድ፣ የመማሪያ ክፍላችን አንድ፣ የምንማረውም ያው አካውንቲንግ ነው። ልዩነታችን ምን መሰላችሁ? እሱ ካልጋሪ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ የአልበርታ ነዋሪ ነው፤ እኔ አይደለሁም። አንድ ጣሪያ ሥር እያደርን፣ ከአንድ ቧንቧ እየጠጣን እሱ ነዋሪ ከሆነ እኔ ምን እየሆንኩ እንደምኖር ፈጣሪ ይወቀው። ለነዋሪ ተማሪ ክፍለ ሀገሩ ከክፍያው ላይ ደህና አድርጎ ይደግፈዋል። ነዋሪ ያልተባለው ሙሉውን ይከፍላል።

እንግዲህ ቢንያም በድጋፍ በገባበት ክፍል የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጥና ጃኬቱን ትራስ አድርጎ ያንኮራፋል። እኔ ሙሉ ከፍዬ ከፊት እቀመጣለሁ። ማዛጋት እንኳ አልችልም፤ ያዛጋሁ እንደሆነ የከፈልኩት ሁሉ በአፌ የሚወጣ ይመስለኛል። ፕሮፌሰሩ ጥያቄ ያለው ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄ ባይኖረኝም እጄን አወጣለሁ። ከፍዬበት የለ! አንድ ቀን ፕሮፌሰሩን ጉንፋን ይዞት ቀደም ብሎ ሲለቀን ክፍሉ በሙሉ በደስታ ተነሣ፤ እኔ ግን ኪሴን የተሰረቅሁ ያህል ተናደድኩ። ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሳይ ቢንያም ገና እየነቃ ነበር። መለቀቃችንንም የነገርኩት እኔው ነኝ።

ነዋሪ መባል ያልቻልኩት ግን መብቱ ስለሌለኝ አይደለም። መጀመሪያ ያረፍኩት ሌላ ክፍለ ሀገር፣ ዊኒፔግ ነበር። እዚያ ሥራ ሲጠፋ ካልጋሪ ውስጥ ዶሮ ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል ሲሉኝ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። ትምህርት የጀመርኩት ከዓመት በላይ ዶሮ ስበልት ከቆየሁ በኋላ ነው። ደንቡም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ለሥራና ለኑሮ መጥቶ ዓመት የሞላው ሰው ነዋሪ ነው፣ ለትምህርት ብሎ የመጣ ግን እየተማረ የቱንም ያህል ቢቀመጥ እንግዳ ነው። ወረቀቶቼን ሁሉ ለድጋፉ ቢሮ አስገባሁ። የቀረኝ ለምን እንደመጣሁ የሚያውቅ፣ ዘመዴ ያልሆነ ሰው ቃል ብቻ ነበር። እሱ ከተሳካ እማራለሁ፤ ካልተሳካ በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደ ዶሮዎቼ መመለሴ ነው።

የቀበሌ ልጅነቴ የወጣው እዚህ ላይ ነው። የቢሮው ሠራተኛ በስልክም ይበቃል ብላኝ ነበር። ምስክር በስልክ? እኔ መታወቂያ ለማውጣት ከምስክሮቼ ጋር ተሰልፌ፣ ሻይም ጋብዤ ያደግኩ ሰው ነኝ። ምስክር ማለት በአካል መጥቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚናገር ነው። ስለዚህ ሁለት ሽማግሌ አዘጋጀሁ። አንዱ አከራዬ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ እንግሊዝኛቸው ከእኔ የሚሻል። ሌላው ዶቨር ሰፈር የሚኖሩት የወሎው ሰው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ለእኔ ጉዳይ ሲሉ የሥራ ሺፍታቸውን አስቀይረው መጡ። ሁለቱም ይወዱኛል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው።

ቢሮ ስንገባ ሠራተኛዋ ሁለት ሽማግሌ ከነከረባታቸው ስታይ ደንገጥ አለች። ወንበር አስመጣች። የያዘችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ይህ ሰው ወደ አልበርታ የመጣው ለምንድን ነው? ለመናገር አፌን ስከፍት የጋሼ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ሽማግሌ ባለበት ባለጉዳይ ምን ቤት ነው?

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህ ልጅ፣ አሉ፣ የመጣው ለትምህርት ነው፤ ከትምህርት ሌላ ሐሳብ በራሱ ዞሮ አያውቅም። እኩዮቹ ገንዘብ ሲያሳድዱ እሱ መጽሐፉ ላይ ነው። ሐጂ ኑሩ ደግሞ ከዚያ ተቀበሉ፤ ዲግሪውን የያዘ ዕለት እዚህ አገር አያድርም፣ ተመልሶ ወገኑን ነው የሚያገለግለው፣ እናቱም በር በሩን እያዩ ነው። ጋሼ ግን ገና አልጨረሱም። ቤቴ ውስጥ እንደ እንግዳ ነው የሚኖረው፣ ግድግዳው ላይ አንዲት ሥዕል እንኳ አልሰቀለም አሉላት። ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ። ትሑት ስለሆነ ነው፣ ሲያሞግሱት ያፍራል ብለው አስረዷት።

ሠራተኛዋ በአክብሮት ሰማች፤ ከዚያም ፊቷ እያዘነ፣ ለትምህርት የመጣ ሰው እንደ ነዋሪ እንደማይቆጠር፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ግን እንደገና ማመልከት እንደምችል ነገረችኝ። ምስክሮቼ አመስግነው እጇን ጨበጡና ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሐጂ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ አኩርተንሃል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንደዚያ ቀን ኮርቼም ደኽይቼም አላውቅም።

ሐጂን ሸኝተን መኪና ውስጥ ሁለታችን ስንቀር አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ የዶሮ ፋብሪካውን ለምን አልነገሯትም?"

"ልጄ፣ ዶሮ ሲበልት ነበር ብዬ ባዳ ፊት ላዋርድህ? የሚወዱት ሰው ገበና ይሸፈናል እንጂ።"

ለቢንያም ማን መሰከረለት ታዲያ? ስል ጠየቅኋቸው። ለካ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከቢሮው ደውለው ሲጠይቋቸው ቢንያም በረዶ ሳይጠርግ ሰንብቶ እንደ ጉድ አስቀይሟቸው ነበርና ሳይደብቁ ተናገሩ። ይህ ልጅ የመጣው ለገንዘብ ነው፣ ሌሊቱን ዴሊቨሪ፣ ምግብ ሲያደርስ አድሮ ቀኑን ይተኛል፣ ትምህርት የሚባለውን የጀመረው ትናንት ነው፣ አገሬ እገባለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም፣ ይባስ ብሎ ሲቲስኬፕ ሰፈር ቤት ሊገዛ እያየ ነው። ይህን ነግረውኝ ተከዙ።

"በኋላ ጸጸተኝ" አሉኝ። "ልጁን ሳልጎዳው አልቀረሁም።"

ቅናቴ እዚያው መኪና ውስጥ ቦታ ቀየረ። እንቅልፉስ ይቅርበት፣ ይተኛ። በሐሜቱ ቀናሁ። እንዲህ ባማረ ሁኔታ የታማ ሰው አይቼ አላውቅም! እኔን በዚህች ከተማ እንደዚያ አድርጎ የሚያማኝ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? ለምኛቸው አየሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ከደወሉልዎ፣ አልኳቸው፣ እባክዎ ስለ እኔም እንደ ቢንያም ያውሩልኝ።

"አንተን?" አሉ፣ በሐዘን አይተውኝ። "እንደዚያ እንድናገር መጀመሪያ ልታስቀይመኝ ይገባል እኮ።"

ይኸው ከዚያን ጊዜ ወዲህ እሳቸውን ለማስቀየም እየታገልኩ ነው። ድጋፉ ስለቀረ የያዝኳት አንዲት ኮርስ ናት፤ በተረፈው ጊዜ ዶሮ እበልታለሁ። በረዶ መጥረግ ትቻለሁ። ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን ሆን ብዬ እረሳለሁ። ሙዚቃ እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ። ነዋሪነቴን የሚያሳይ ትልቅ የተራራ ሥዕል ገዝቼ፣ ጋሼ ቀን አረፍ በሚሉበት ሰዓት ግድግዳውን እየደበደብኩ ሰቀልኩ። ቢንያም በሩን ከፍቶ፣ ብሮ፣ ሲሪየስሊ፣ ላይክ ትንሽ ልተኛበት አለኝ። የተቀየመ ከተገኘ እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ግቢው በበረዶ ተሞላ። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ በመስኮቴ በኩል የጋሼን አካፋ ኮሽታ በጉጉት እሰማለሁ። አንዴ ሲያርፉ፣ አንዴ ሲያቃስቱ ቆዩ። በመጨረሻ አካፋውን አስደግፈው ሐጂ ኑሩ ጋ ደወሉ፤ ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። ዛሬ ታማሁ ብዬ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።

"አይፍረዱበት፣ ሐጂ" አሉ ጋሼ። "ምስኪን፣ ትምህርቱ እኮ ነው እንዲህ ያደረገው።"