ዘይት የወለደ ሞተር

የሰው ልጅ በሞተር ላይ ብዙ ደክሟል። ጀርመኑ፣ ጃፓኑ፣ ጣሊያኑ መቶ ዓመት ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠና ሁሉም አንድ ነገር አለ፤ ዘይት ካልተቀየረ ብረት ብረትን ይበላል። ይህን የቆየ ስህተት ያረመው ከአሬሮ ወደ ዱብሉቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የአንድ ትንሽ ከተማ ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው። የከተማውን ስም አንጠራም። ትሑት ከተማ ነው፤ ክብር አይወድም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

ጉያቱ የጽሕፈት ቤቱ ሞተሪስት ናት። የጉድጓዱን ውሃ የሚስበውን ጄነሬተር ጠዋት ታስነሳለች፣ ሲመሽ ታጠፋለች። ሥራውን ያስተማሯት ሃምሳ አለቃ ክብሮም ናቸው። ነገሌ ካምፕ ሃያ ዓመት መኪና ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚህ ጋራዥ የከፈቱ ሰው። ትምህርታቸው አጭር ነበር።

«ልጄ፣ ሞተር ናፍጣ ይበላል፣ ዘይት ይለብሳል። ቢርበው ይቆማል እንጂ አይሞትም። ራቁቱን ካሠራሽው ግን ይሞትብሻል።»

ቦና፣ የደረቁ ወቅት፣ ገብቷል። ዝናብ ሊመጣ ሦስት ወር ይቀረዋል፣ እሱም ከመጣ። ኩሬው ደርቆ ታችኛው ጭቃ እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። የከተማው ሰው፣ የአካባቢው ከብት፣ የጉያቱም ስድስት ላሞች የሚጠጡት ይሄ ሞተር የሚያወጣውን ብቻ ነው። ሞተሩ ከቆመ ላሞቹ ከአራት ቀን አይዘልቁም። ይሄን ጉያቱ ታውቃለች። ጽሕፈት ቤቱም ያውቃል፤ በዓመት ዕቅዱ መግቢያ ላይ በደማቁ ጽፎታል።

ስለዚህ ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ዋቅጋሪ ቢሮ ገባች።

«አቶ ዋቅጋሪ፣ ዘይት መቀየር አለበት። ሰዓቱ አልፏል።»

«የድሮው የት ሄደ?»

«የትም። ውስጡ ነው።»

«አላለቀም?»

«አላለቀም። ጠቁሯል። ተቃጥሏል።»

«መጠኑስ?»

«ያው ነው፣ እንደገባ።»

አቶ ዋቅጋሪ መነጽራቸውን አወለቁ። ትልቅ ሐሳብ ሲመጣባቸው መነጽር ያወልቃሉ። ሐሳቡን አጥርተው እንዳያዩት ይሆናል።

«ናፍጣ ይገባል፣ ያልቃል፣ እንተካለን። ዘይት ገባ፣ አላለቀም። ያላለቀ ነገር በምን አግባብ ይተካል? አንቺ ጫማሽ ጠቆረ ብለሽ ትጥይዋለሽ?»

«ጫማዬ በደቂቃ ሺህ አምስት መቶ ጊዜ አይዞርም።»

«አየሽ! ይሄ የአመለካከት ችግር ነው።»

የአመለካከት ችግር ደግሞ በኮሚቴ ነው የሚታየው። ስምንት አባላት ያሉት የጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ተጠርቶ ግማሽ ቀን ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ወይዘሮ ብርሃን ቅጹን አወጡ። ቅጹ «ያለቀ ዕቃ መተኪያ» ይላል። ዘይቱ አላለቀም። ጉዳዩ እዚያው አለቀ። አንድ አባል ግን ጥቁረቱን አንስተው አስጨነቁ። አቶ ዋቅጋሪ ጥቁረቱ የአገልግሎት ዘመን ምልክት ስለሆነ ሊከበር ይገባል ብለው አረጋጉ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ዘይቱ በያዘው የሥራ መደብ ይቀጥል።

ዘይቱ ቀጠለ። ወር አለፈ። ሞተሩ በመጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረ። ድምፁም እንደ ሽማግሌ ሳል ሆነ። ጉያቱ ሃምሳ አለቃን ጠራች። ሽማግሌው ሞተሩን ዞሩት፣ አዳመጡት፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዘው ጫፉን በጣታቸው አሹትና አሸተቱ።

«ኖዝሉ ነው። ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ነው የሚረጨው፣ ያኔ ነው የሚቃጠለው። ይሄ እንደ አሮጌ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ያልተቃጠለው ናፍጣ በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱ ውስጥ እየገባ ነው። ዘይቱ ቀጥኗል። ልጄ፣ ይሄ ሞተር ውሃ ነው የለበሰው።»

«ምን ይደረግ?»

«ኖዝሉ ተፈትቶ ሻሸመኔ ይፈተሽ። ዘይቱ ዛሬውኑ ይፍሰስና አዲስ ይግባ።»

ጉያቱ ሰው በዓይኑ ካየ ያምናል ብላ መለኪያ ዘንጉን ይዛ ቢሮ ሄደች። የዕድሜዋ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

«ይዩት፣ አቶ ዋቅጋሪ። ከምልክቱ በላይ ሁለት ጣት ሄዷል።»

«ጨምሯል?»

«ጨምሯል፣ ግን—»

«ማነው የጨመረበት?»

«ማንም። ናፍጣው ነው ወደ—»

«ማንም አልጨመረበትም!»

አቶ ዋቅጋሪ ከወንበራቸው ተነሡ። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው፣ ያለ ደብዳቤ አንድ ነገር ሲጨምር አይተው አያውቁም። የአርብቶ አደር ልጅ ናቸው። ሣር ሰጥተኸው ነጭ ነገር የሚመልስልህ ምን እንደሆነ ከልጅነታቸው ያውቃሉ።

«ወልዷል» አሉ በቀስታ። «ሞተሩ ወልዷል። አሁን የሚታለብ ነው።»

ኮሚቴው በማግሥቱ ተሰበሰበ። ሞተሩ በየሳምንቱ ዓርብ ሁለት ሊትር እንዲታለብ ተወሰነ። አላቢዋም ጉያቱ እንድትሆን ተመደበች፤ ሴት ስለሆነች እጇ ይቀናል ተባለ። ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈትታ በጄሪካን ትቀዳለች፣ ወይዘሮ ብርሃን በጉያቱ ቁመት ልክ ባለ መዝገብ ያስፈርሟታል፣ ጄሪካኑ የወንድም መሥሪያ ቤቶች ሞተር ሳይክሎች እንዲጠቀሙበት በስጦታ ይላካል። ሞተር ሳይክሎቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ሞቱ። የሞታቸው ምክንያት የአሽከርካሪዎች ሥነ ምግባር ጉድለት መሆኑ ተረጋግጧል።

ሃምሳ አለቃ ክብሮም አላስቻላቸውም። ሳይጠሩ ስብሰባው ላይ ገቡ። ወታደር ነበሩና ንግግር አያውቁም። ጋዜጣ ጠቅልለው ከጄሪካኑ ነከሩና ክብሪት ጫሩ። ቦግ አለ። ሁለት የኮሚቴ አባላት ወንበር ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ።

«ዘይት እንዲህ አይነድም» አሉ ሃምሳ አለቃ። «የምታልቡት ናፍጣ ነው። ሞተሩ እየሞተ ነው። በቃኝ።»

ጉያቱ በበሩ ስንጥቅ ታያለች። አሁንስ ገባቸው አለች በልቧ። አቶ ዋቅጋሪ የሚነደውን ጋዜጣ ረገጡና አጠፉት።

«ወይዘሮ ብርሃን፣ ይጻፉ። ዘይታችን በተጨማሪም ነዳጅ ሆኖ ተገኝቷል።»

ተጨበጨበ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በከተማው አቅም የሚያዝ አልሆነም። ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ተቀመረ። ተሞክሮውን የሚቀስሙ ሰዎች በሁለት አውቶቡስ መጡ። ከላይም አንድ ትልቅ እንግዳ መጡ፤ ከምን ያህል ላይ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጉድጓዱ አጠገብ ድንኳን ተተከለ። ሞተሩ አንገት ላይ ሪባን ታሰረ። እንግዳው ውሃው ሲወረወር ለማየት ስለፈለጉ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ታዘዘ።

ጉያቱ እጇን ሞተሩ ላይ አድርጋ ወዲያው አነሣች።

«አቶ ዋቅጋሪ፣ ፈልቷል። ውስጡ ያለው ምንም አያለብሰውም። ላጥፋው።»

«እንግዳ ፊት?»

«ከጠፋ ነገ ይነሣል። ካልጠፋ አይነሣም። ከተማው ምን ይጠጣል?»

እንግዳው ሰሙ።

«ይቺ ልጅ ማናት?»

«ሞተሪስት ናት፣ ክቡርነትዎ። ጎበዝ ናት፣ ግን ሥልጠና ያንሳታል።»

«አይዞሽ» አሏት እንግዳው። «ለውጥ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል።»

ወደ ማይክራፎኑም ወጡ። የዓለም አምራቾች ከእኛ የሚማሩበት ዘመን መጣ ሲሉ ሞተሩ ካ ካ ካ አለ። እንግዳው ጭብጨባ መስሏቸው ቆም ብለው አመሰገኑ። ሞተሩ ደገመው። እንደገና አመሰገኑ። ጉያቱ ወደ ማጥፊያው ሮጠች፣ አስተናጋጆቹ መንገድ አይደለም ብለው ያዟት። ከዚያ ብረት ሲነከስ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ፣ አንዴ ብቻ። የቧንቧው ውሃ ወደቀ። ጸጥ አለ።

ጸጥታው ለንግግሩ ተመቸ። ሃያ ደቂቃ ቀጠለ።

ሃምሳ አለቃ በማግሥቱ ከፈቱት። ውስጡን አላብራሩም። «ሁሉም አንድ ብረት ሆኗል» አሉና ጓንታቸውን አውልቀው ሄዱ። ኮሚቴው ተቀመጠ። የመጀመሪያው ቀን ሞተሩ «ቆመ» ወይስ «ዕረፍት ወጣ» በሚለው ላይ ተወያየ። ሁለተኛው ቀን ስለ ሪባኑ ሆነ።

ጉያቱ ሁለተኛውን ቀን አልጠበቀችም። ስድስቱን ላሞች ነድታ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ዱብሉቅ ጥንታዊ ኤላዎች፣ በእጅ ወደተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ወጣች። አንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። ትንሿ ጊደር ሁለት ጊዜ ተኛችባት፣ ሁለቴም ጅራቷን ይዛ አስነሣቻት። ሲደርሱ ተራ የሚሰጡትን ሽማግሌ ጋልጋሎን ሰላም አለቻቸው።

«አካም፣ አባ።»

«ናጋ። ሰው አለሽ?»

የኤላው ደንብ አንድ ነው። ውሃ የሚፈልግ፣ ውሃ የሚያወጣ ሰው ያቀርባል። ሰዎች ከጉድጓዱ ወለል እስከ ላይ በየእርከኑ ይቆማሉ፣ የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየዘፈኑ ያወጣሉ። ጉያቱ ግን ብቻዋን ናት። የጎረቤቶቿ ወንዶች ለራሳቸው ከብት ወርደዋል። ጋልጋሎ ላሞቿን አዩ፣ ጊደሯን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አዘንኩ፣ ልጄ። ያለ ሰው ተራ የለም። ነገ ምናልባት።»

ጊደሯ ነገን የምትጠብቅ አትመስልም።

ይሄኔ ፒክአፑ መጣ። አቶ ዋቅጋሪና ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ወረዱ። ከኋላቸው ለከተማው ውሃ የሚጭን ባዶ ቦቴ ቆሟል።

«አባ ጋልጋሎ፣ ደብዳቤ ይዘናል። ማኅተም ያለበት።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን አልተቀበሉም።

«ይሄ ወረቀት ኤላው ውስጥ ይወርዳል?»

«አይ፣ ይሄ የትብብር ጥያቄ ነው።»

«ስንት ሰው ናችሁ?»

«ስምንት። ሁላችንም አመራር ነን።»

ጋልጋሎ ወደ ጉያቱ ዞሩ።

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«አለቆቼ ናቸው።»

«እጅ አላቸው?»

«እስካሁን አላየሁም፣ አባ።»

ሽማግሌው ስምንቱን እንደ ገበያ በሬ ከላይ እስከ ታች አዩ። በበትራቸው አንድ በአንድ እርከን እርከናቸውን አሳዩ። መጀመሪያ የዚህች ልጅ ላሞች ይጠጣሉ፣ ቀጥሎ ቦቴው ይሞላል አሉ። አቶ ዋቅጋሪ ሦስተኛው እርከን ላይ ቆሙ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው። ከሥራቸው ያለው ጎረምሳ ዘፈኑን ጀመረ።

አቶ ዋቅጋሪ አጭር የመክፈቻ ንግግር ለማድረግ አፋቸውን ከፈቱ። ባልዲ መጣ። ተቀብለው አሳለፉ። እንደገና ከፈቱ። ባልዲ መጣ።

ጉያቱ ከላይ ቆማ ባልዲውን የከብቶቹ ገንዳ ውስጥ ትደፋለች። ጊደሯ አንገቷን ዘርግታ ጠጣች፣ ተነፈሰች፣ ደግማ ጠጣች። ኮሚቴው በዚያ ዓመት ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሰብስቧል። ውሃ የወጣው ከዚህኛው ብቻ ነው።